ጣሪያ ላይ 61 ዲግሪ፣ ክፍል ውስጥ 33፦ የአንድ ማረፊያ ቤት የሙቅ ውሃ ፍተሻ፣ ባሕር ዳር

የመስመሩ አሠራር

ቤቱ ከጣና ዳር ብዙም ያልራቀ ባለ አንድ ፎቅ ማረፊያ ነው። ላይ ሦስት ክፍል፣ ታች ሁለት ክፍል፣ ወጥ ቤትና የሠራተኞች መታጠቢያ አለው። ባሕር ዳር ክፍል የሚሞቅበት አገር ስላልሆነ እዚህ “ማሞቂያ” ሲባል የገላና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ማለት ብቻ ነው።

የከተማው መስመር መሬት ላይ የተቀመጠ 2000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ከዚያ ፓምፕ ስቦ የቤቱን ቀዝቃዛ መስመር በሙሉ በግፊት ይይዛል፤ 1.5 ባር ላይ ይነሣል፣ 2.8 ባር ላይ ይቆማል። ያው ፓምፕ ጣሪያ ላይ ያለውን 500 ሊትር ሮቶም ይሞላል፤ ከእሱ ውሃው በተንሳፋፊ ቫልቭ በኩል ወደ ሶላሩ (የፀሐይ ውሃ ማሞቂያው) ይገባል። ሶላሩ ባለ 20 የመስታወት ቱቦ፣ ታንከሩ 200 ሊትር፣ ግፊት የማይችል ዓይነት ሲሆን አናቱ ላይ ክፍት የትንፋሽ ቱቦ አለው። ሙቁ ውሃ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከታንከሩ መውጫ እስከ ላይኛው ፎቅ ሻወር 3.2 ሜትር ነው፤ 10 ሜትር 1 ባር ስለሚሰጥ ግፊቱ 0.32 ባር ነው። መውጫው ላይ ቦል ቫልቭ (በእጅ የሚዘጋ) እና ቼክ ቫልቭ (ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ተገጥሟል። ወጥ ቤቱ ለብቻው 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር አለው፤ ከፓምፑ መስመር ነው የሚቀዳው።

ሁለቱ ቁጥሮች ይያዙልን፤ ቀዝቃዛው እስከ 2.8 ባር፣ ሙቁ 0.32። አብዛኛው ጣጣ ከዚህ ልዩነት ነው የሚመጣው።

የቀረበው አቤቱታ፦ ክፍል 1 እና 2 ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይደርሳቸዋል፤ ክፍል 3 ቧንቧው ይተፋል እንጂ አይፈስም፤ ከሶላሩ የትንፋሽ ቱቦ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የወጥ ቤቱ ቦይለር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ያፈስሳል፣ አልፎ አልፎም ብሬከር ይጥላል። ባለቤትየዋ “ሶላሩ ሞቷል መሰለኝ፤ አዲስ ልግዛ ወይስ ይጠገናል?” አሉ። ከመለካታችን በፊት መልስ አልሰጠንም።

ሰኞ፣ ቀን 10፡30

ምንም ሳይፈታ በመጀመሪያ ልኬት። የወጥ ቤት ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ 10 ሊትር ባልዲና የስልክ ሰዓት ይበቃል።

ታንከሩ ውስጥ 61 ዲግሪ። መውጫው ሥር 59። ቀዝቃዛው መስመር 21። ክፍል 1 ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቅ ዞሮ ሦስት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ 33። ክፍል 2 ደግሞ 34፣ ባልዲው በሁለት ደቂቃ ሞላ፤ በደቂቃ 5 ሊትር ማለት ነው።

“ቱቦው ላይ ቀዝቅዞ ነው” የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይወድቃል። መስመሩ 25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቱቦ) ነው፤ የውስጡ ስፋት 16.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሜትር 0.22 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከታንከሩ እስከ ክፍሎቹ ያለው 14 ሜትር ሦስት ሊትር ብቻ። ያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከታንከሩ የተነሣ ውሃ ነው። የሚፈስ ውሃ ደግሞ በ14 ሜትር ውስጥ 25 ዲግሪ አይጥልም፤ ቱቦው ራቁቱን ቢሆን እንኳ።

ስለዚህ ቀዝቃዛ እየተቀላቀለ ነው። መጠኑም በክፍል 2 ልኬት ይሰላል፦ 34 ሲቀነስ 21፣ 13 ነው፤ 59 ሲቀነስ 21 38። 13 ለ38 ሲካፈል 0.34። ከ“ሙቅ” ቧንቧ ከሚወጣው ውስጥ ሙቁ ሲሦ ያህል ብቻ ነው፤ በደቂቃ ከሚወጣው 5 ሊትር 3.3ቱ ቀዝቃዛ ነው።

ማታ 1፡00 ላይ መውጫው ተዘግቶ ታንከሩ 60 ዲግሪ ላይ አደረ።

ማክሰኞ፣ ማለዳ 12፡15

ታንከሩ 55። አንድ ሌሊት ሙሉ 5 ዲግሪ መጣል ለእንዲህ ያለ ታንከር ጤነኛ ነው። ሙቀት የሚይዘው የታንከሩ ፎም አልረጠበም፣ ታንከሩ አልታመመም። አዲስ ሶላር የመግዛቱ ነገር እዚህ ላይ አበቃ።

የመቀላቀል ፈተና፦ የታንከሩ መውጫ እንደተዘጋ የክፍል 2 የእጅ መታጠቢያ ወደ ሙቅ ዞሮ ተከፈተ። ቱቦው ውስጥ ያለው ወርዶ መቆም ነበረበት። አልቆመም፤ በደቂቃ 3.5 ሊትር፣ 21 ዲግሪ፣ ያለማቋረጥ። ከትናንቱ ስሌት ጋር ገጠመ። ይህ ፈተና ምንም አያስወጣም፤ ቫልቭ መዝጋትና ቧንቧ መክፈት ብቻ ነው። ቴርሞስታት የሚቀይር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቢያደርገው ብዙ ብር ይተርፋል።

ቀጥሎ ቧንቧው እንደተከፈተ ከየሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛውን ከሚቀላቅለው ቧንቧ) ሥር ያለውን አንግል ቫልቭ በየተራ መዝጋት። ክፍል 1 ሲዘጋ ፍሰቱ ትንሽ ቀነሰ። የታችኞቹ ሁለት ክፍሎች ለውጥ የለም። የሠራተኞች መታጠቢያ ሲዘጋ ወዲያው ወደ ቀጭን ክር ወረደ።

ምክንያቱ የእጅ ሻወሩ ጫፍ ላይ የተገጠመው መዝጊያ ነው። ታጣቢው ሚክሰሩን በሙቅም በቀዝቃዛም ከፍቶ ይተወውና ውሃውን በጫፉ መዝጊያ ያቆማል። ያኔ ሚክሰሩ ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኝ ክፍት በር ይሆናል። የ2.8 ባሩ ውሃ ወደ 0.32ቱ መስመር ይገባል፤ ላይ ያለውን ቼክ ቫልቭ ከነሙቁ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ሌላው ክፍል ቧንቧ ሲከፍት ቅድሚያ የሚደርሰው ይኸው ቀዝቃዛ ነው። ታንከሩ አፍ ላይ ቼክ ቫልቭ በሌለባቸው ቤቶች ደግሞ ቀዝቃዛው እስከ ታንከሩ ወጥቶ ሙቁን በትንፋሽ ቱቦ ያስተፋዋል። ማንም ውሃ ሳይጠቀም ሌሊት ፓምፕ የሚነሣ ከሆነና ጣሪያው የሚረጥብ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው፤ ሰው ግን ተንሳፋፊውን ነው የሚቀይረው።

የቀረው ክር የክፍል 1 ነው፤ በደቂቃ 0.3 ሊትር ገደማ። ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ነው፤ ውስጡ ያለው ካርትሪጅ የሴራሚክ ገጹ ተበልቷል። የመጀመሪያውን ጥፋተኛ አግኝቶ ማቆም የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ካርትሪጅ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይሻላል፤ 35 እና 40 ሚሊ ሜትር በዓይን ይመሳሰላሉ፣ የእግሮቹም አቀማመጥ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ክፍል 3። ቧንቧው ይተፋል፣ ያንኮራፋል፣ ይቆማል። አየር ቋጥሯል። ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ 9 ሜትር ተጉዞ የጣሪያውን ጠርዝ ተሻግሮ ይወርዳል፤ ጠርዙ ላይ ጉብታ ሠርቷል። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሟሟው አየር ይለቃል፤ ያ አየር ጉብታው ላይ ይሰበሰባል፤ 0.32 ባር ደግሞ ገፍቶ ለማስወጣት አቅም የለውም። በፓምፕ መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳያውቀው ተገፍቶ ይወጣ ነበር።

ጉብታው ሲገጠም አልነበረም። ተራ ፒፒአር በሜትርና በዲግሪ 0.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 9 ሜትር ሆኖ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ 54 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክሊፖቹ በ2 ሜትር ርቀት ስለተመቱ ቱቦው የሚሄድበት አጥቶ በየመሐሉ ሰመጠ፣ ጠርዙ ላይ ተነሣ። ለ25 ሚሊ ሜትር የሙቅ መስመር ክሊፕ በ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ መመታት አለበት። በዚያ ላይ የቱቦው መሸፈኛ ፎም በፀሐይ ተበጣጥሶ ቱቦው ራቁቱን ቀርቷል፤ ፒፒአር ደግሞ የፀሐይ ጨረር አይወድም።

ለጊዜው አየሩን ማስወጣት ቀላል ነው። የክፍል 3 ሙቅና ቀዝቃዛ አንግል ቫልቮች በአንድ ፍሌክሲብል ተገናኙ፤ የክፍል 2 ሙቅ ቧንቧ ተከፈተ፤ ቀዝቃዛው ቀስ ተብሎ ተለቀቀ። የፓምፑ ግፊት አየሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በክፍል 2 አስወጣው። ጠዋት ጥፋት የሆነው መቀላቀል ከሰዓት መሣሪያ ሆነ። የታንከሩ መውጫ ቦል ቫልቭ ተዘግቶ ነው የሚሠራው፤ ቼክ ቫልቩን ማመን አያስፈልግም። ደግሞም ይህ ሥራ በየክፍሉ ቼክ ቫልቭ ከመገጠሙ በፊት ነው መደረግ ያለበት፤ ከተገጠመ በኋላ ወደ ኋላ መግፋት አይቻልም።

ዘላቂው፦ 9 ሜትሩ በሙሉ በባለ ፋይበር ፒፒአር ተቀየረ፤ እሱ ሲሞቅ የሚረዝመው የተራው ሲሦ ያህል ነው። መስመሩ ከታንከሩ ጀምሮ በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይሄዳል፣ የትም አይነሣም። ጠርዙን የሚሻገርበት ቦታ ላይ ቲ ተገጥሞ 20 ሚሊ ሜትር የትንፋሽ ቱቦ ከታንከሩ አናት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቆመ። አውቶማቲክ አየር ማውጫ አልመረጥንም፤ በዚህ ዝቅተኛ ግፊት አንዳንዴ አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። የቱቦው አፍ ወደ ታች ታጥፎ በወንፊት ሽቦ ተሸፈነ፤ ተርብ ጎጆ ከሠራበት ትንፋሹ ይዘጋል፣ የታንከሩ የራሱ ትንፋሽ እንዲህ ከተዘጋ ደግሞ ውሃ ሲወጣለት ታንከሩ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል።

አሮጌው ቱቦ ሲቆረጥ አንድ ኤልቦ ውስጡ በቀለጠ ፕላስቲክ ግማሽ ያህል ተደፍኖ ተገኘ። ብየዳ ላይ ከልክ በላይ ሲሞቅና ሲገፋ እንዲህ ይሆናል። ለ25 ሚሊ ሜትር፦ ማሽኑ 260 ዲግሪ፣ 16 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቱቦው ላይ በእርሳስ ምልክት፣ 7 ሰከንድ ማሞቅ፣ ሳያዞሩ ቀጥ አድርጎ ማስገባት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነኩ መተው።

ረቡዕ፣ ማለዳ

ፀሐይ ሳትወጣ የመስታወት ቱቦዎቹ ታዩ። ሁለቱ ጫፋቸው ላይ ያለው የብር መልክ ወደ ነጭ ተቀይሯል፤ ቫኪዩማቸው (በድርብ መስታወቱ መሐል ያለው አየር አልባ ክፍተት) ጠፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቱቦ ቀን ላይ ውጪው ለእጅ ይሞቃል፤ ጤነኛው ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ ተቀየሩ፤ ጎሚኒው በሳሙና ውሃ እየራሰ፣ ቱቦው እየተሽከረከረ ይገባል። የዚህ ሥራ ሰዓቱ ማለዳ ነው። ባዶውን ፀሐይ የመታው ቱቦ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ደረቅ ወራት ላይ የሚቀመጠው አቧራም ይታጠብ፤ በማለዳ፣ በለስላሳ ጨርቅ።

የትንፋሽ ቱቦው መንጠባጠብ፦ የሚንጠባጠበው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሊት ደረቅ ነው። ተንሳፋፊው ቢያፈስስ ኖሮ ሌሊትም ያፈስስ ነበር። 200 ሊትር ታንከሩ፣ በየቱቦው 2.7 ሊትር ገደማ ሲጨመር 254 ሊትር። ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በመቶ 1.5 ያህል ይሰፋል፤ ወደ 4 ሊትር ይጠጋል። ተንሳፋፊው እስከ አፉ ስለሚሞላ ያ 4 ሊትር መሄጃው የትንፋሽ ቱቦው ነው። የተንሳፋፊው ክንድ ዝቅ ተደርጎ ከላይ የ6 ሊትር ያህል ቦታ ተተወ። ይኸው ነው።

ጣሪያ ላይ እያለን የታየ ሌላ ነገር፦ መቆሚያው 45 ዲግሪ ተጋድሞ ወደ ደቡብ ያያል። ለሩቅ ሰሜን አገር የተሠራ መቆሚያ ነው። ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ 16 ገደማ የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ለኅዳርና ታኅሣሥ 45 አይከፋም፤ ለክረምት ግን፣ ደመናው ሳያንስ፣ ጀርባን ለፀሐይ መስጠት ነው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይሻላል። ከ15 በታች ግን አይወርድም፤ ሙቁ ውሃ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ የሚሳበው በዘንበልታው ነው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ቦይለሩ። ብሬከር ተጣለ፣ በቴስተር ተረጋገጠ፣ ክዳኑ ተከፈተ።

ኤለመንቱ 32 ኦም። ለ1500 ዋት በ220 ቮልት የሚጠበቀው 220 በ220 ተባዝቶ ለ1500 ሲካፈል 32.3 ነው። አልተቃጠለም። ታዲያ ለምን ቀስ ይላል? 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በ1.5 ኪሎዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ምሽት 1፡30 ላይ ግን ሶኬቱ 180 ቮልት አሳየ። ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ስለሚወርድ 1.5ቱ 1.0 ኪሎዋት ይሆናል፤ ጊዜውም ወደ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይረዝማል። ይህ የኤለመንት ጥፋት አይደለም፤ ትልቅ ኤለመንት መግጠምም መስመሩን የባሰ ይጎትተዋል። ቦይለሩ መብራት ሲበረታ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በታይመር ይሥራ።

ብሬከር የመጣሉ ጉዳይ ሌላ ነው። ከኤለመንቱ እግር ወደ ብረት አካሉ ሲለካ 90 ኪሎ ኦም። ጤነኛ ከሆነ ከ1 ሜጋ ኦም በላይ መሆን አለበት። 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚጥለው ሊኬጅ ብሬከር (መብራት ወደ አካሉ ሲያፈተልክ የሚቆርጠው) በ220 ቮልት የሚጥለው መቋቋሙ ወደ 7 ኪሎ ኦም ሲወርድ ስለሆነ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዝም ይላል፤ ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ውሃ ይገባል፣ ይጥላል። ብሬከሩን ወደ ተራ መቀየር የሚመክር ካለ አይሰማ፤ እየሠራ ያለው እሱ ነው። ኤለመንቱ ተቀየረ።

ውሃው ሲራገፍ አንድ ጆግ የሚሞላ ቡናማ ደለልና ነጭ ቅርፊት ወጣ። የማግኒዥየም ዘንጉ እስከ መሐል ሽቦው አልቋል፤ ተቀየረ። ዘንጉ ሲያልቅ ውሃው መብላት የሚጀምረው ታንከሩን ነው። ቴርሞስታቱ የሚገባበት ኪስ ላይ የተጋገረው ቅርፊት በሲትሪክ አሲድ ለቀቀ፤ 50 ግራም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። አቼቶም ይሠራል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። ጎሚኒው ሁልጊዜ አዲስ፤ ብሎኖቹ በመስቀል ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ይጠብቁ። መብራት ከመለቀቁ በፊት ሙቅ ቧንቧው ተከፍቶ አየር ሳይቀላቀል እስኪፈስ ይጠበቃል፤ ባዶ ቦይለር ላይ የበራ ኤለመንት ወዲያው ይቃጠላል።

“ያፈስሳል” የተባለው ሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው) ነው። አፉ በከመነዳሪ ቁራጭና በሽቦ ታስሮ ተገኘ። ይህ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ካለው ሁሉ አደገኛው ነው። ሴፍቲ ቫልቩ በውስጡ ቼክ ቫልቭ አለው፤ ሲሞቅ የሚሰፋው ውሃ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ሲሞቅ 1.2 ሊትር ይጨምራል፤ የሚወጣበት ሌላ በር የለም። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ከተጣበቀ ደግሞ የታሰረው ቫልቭ ቦይለሩን ቦምብ ያደርገዋል። ሽቦው ተፈታ፤ ከሥሩ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተንጠለጠለ። ሲሞቅ 1.3 ሊትር ጠበቀን፣ ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት ግን ምንም። ስለዚህ ቫልቩ ጤነኛ ነው። ጠፍቶም ቢንጠባጠብ ኖሮ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ አለ ማለት ነበር፤ መስመሩ 2.8 ባር ነው፣ ቫልቩ ላይ የተጻፈው 8። አሁን ጠብታው በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል፤ ቱቦው ላይ መዝጊያ የለም።

ሐሙስ፣ ጠዋት

የእጅ ሻወሩ የጫፍ መዝጊያ ተነቅሎ ተራ ጫፍ ተገጠመ። የእጅ ሻወር ባለበት ሚክሰር ሁሉ በሙቅ ቅርንጫፉ ላይ ግማሽ ኢንች ቼክ ቫልቭ ገባ፤ ባለ ክንፍ እንጂ ባለ ስፕሪንግ አይደለም፤ ስፕሪንጉ ለመከፈት የሚወስደው ግፊት ከ0.32 ባር ላይ ይቀነሳል። ባለ ክንፉ አግድም መስመር ላይ ወይም ወደ ላይ በሚፈስ ቋሚ ቱቦ ላይ ብቻ ይገጠማል፤ ወደ ታች በሚፈስ ቋሚ ቱቦ ላይ ክንፉ አይዘጋም።

እኛ የምንመርጠው መፍትሔ ሌላ ነበር፤ የመታጠቢያዎቹን ቀዝቃዛ ከጣሪያው ሮቶ ማውረድና ሁለቱን መስመሮች በእኩል ግፊት መያዝ። ያኔ የሚገፋፋ ነገር አይኖርም። ባለቤትየዋ ግን የሻወሩ ኃይል እንዳይቀንስ ፈሩ፤ ምክንያት የሌለው ፍርሃት አይደለም። ቼክ ቫልቮቹ በየዓመቱ ቢያንስ አንዴ በመቀላቀል ፈተናው ይፈተሹ።

ልኬት፦ ታንከሩ 56፣ ክፍል 1 53፣ ክፍል 2 53፣ ክፍል 3 52። ክፍል 3 በደቂቃ 6 ሊትር ሳይተፋ ይፈስሳል። መውጫው ሲዘጋ ሁሉም ቧንቧ ይደርቃል።

የቀረው የክረምት ዝግጅት ነው። ሶላሩ 1.5 ኪሎዋት ረዳት ኤለመንት አለው፤ ሽቦው እስካሁን አልተገናኘም። ደመና በዋለበት ቀን ታንከሩ 40 ላይ ቢያድር ወደ 55 ለማድረስ 200 ሊትሩ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ታይመሩ ከሌሊቱ 9፡00 እስከ 11፡30 ይሞላል። ሽቦው 2.5 ካሬ፣ ብሬከሩ 16 አምፔር፣ ከፊቱ 30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ፣ ግራውንዱም ተለክቶ። ቴርሞስታቱ ከ65 አይበልጥ፤ በዚህ ከፍታ ክፍት ታንከር 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ለፒፒአሩም 65 ይበቃዋል። መቆሚያው ወደ 18 ዲግሪ የሚቆረጠው ከሰኔ በፊት ነው፤ ብረት ሠራተኛው ልኩን ወስዷል።